«ሰምባዲ» የበላው ቋንጣ

አንድ ጊዜ፣ ሰማዩ ዝናብ በነፈገበት በጋ፣ እንግሊዝኛ የሚማር ጅብ ነበር። ጅብ ምን ሆኖ እንግሊዝኛ ይማራል አትበሉ፤ ምክንያቱ እንደ ሁልጊዜው ሆዱ ነው። የውጭ አገር ጎብኚዎች መጥተው ወንዝ ዳር ድንኳን ሊተክሉ ነው የሚል ወሬ ተሰምቶ፣ ጌታው አንበሳ እንግሊዝኛ አሳምሮ የሚናገረውን አውሬ አስጎብኚ አድርጎ እንደሚሾም አስነገረ። አያ ጅቦም ከድንኳኑ ጓሮ የሚጣለውን አጥንት ገና በሐሳቡ ቆረጣጥሞ ጨረሰና ትምህርት ጀመረ።

አስተማሪው ቀበሮ ነበር። ባለፈው ዓመት ከመጡ ጎብኚዎች ድንኳን ሥር ተኝቶ የለቃቀመውን ቋንቋ ይዞ፣ ራሱን «የኔታ» እያስባለ ያስተምራል። ስለ ድካሙም ጅብ ከሚያገኘው ሁሉ ስብ ስቡን ይቀበላል።

«ዛሬ ስም ሳንጠራ ስለ ሰው የምናወራባቸውን ቃላት ነው የምንማረው» አለ አንድ ቀን። «ሰምባዲ ማለት አንድ ሰው ማለት ነው፤ ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ኖባዲ ማለት ማንም የለም ማለት ነው። ኤቭሪባዲ ደግሞ ሁሉም ሰው ነው፤ ሁሉም ቢሆንም በእንግሊዝኛ የሚቆጠረው እንደ አንድ ነው።»

የአያ ጅቦ ጆሮ ቆመ። «እንግዲያው የሁሉም ድርሻ የሚቀርበው ለአንዱ ነዋ፣ የኔታ?» ብሎ ጠየቀ። ቀበሮው ይህን ፈተና ላይ እንዳይጽፈው ለመነው።

ሌላም ችግር ነበረበት። «ማንም አልበላም» ለማለት በፈለገ ቁጥር «ኖባዲ ዲድ ኖት ኢት» ይላል። ኖባዲ ራሱ ክዶልሃል፣ አንተ ደግመህ ስትክድ ሁሉም በልቷል ማለት ይሆንብሃል እያለ ቀበሮው ቢመክረውም፣ ሁለት ጊዜ መካድ የለመደ አፍ አልታረም አለ። አያ ጅቦ በዚህ አይከፋም። የእሱ ጭንቅላት ከሆዱ በተረፈው ቦታ ላይ የተሠራ መሆኑን እየተናገረ በራሱ ይስቃል።

ከሁሉ አብልጦ የወደደው ግን ሰምባዲን ነው። በዚያ አገር ግልገል ቢጠፋ ጅብ ነው፣ ቆዳ ቢጠፋ ጅብ ነው። ስሙ ሳይነሳ የዋለበትን ቀን አያስታውስም። ሰምባዲ የሚለውን ቃል ሲያገኝ እንደ ልብ የሚደበቅበት ጥሻ ያገኘ መሰለው።

ጌታው አንበሳ ለእንግዶቹ ክብር ቋንጣ ዘልዝሎ ግራር ላይ ሰቅሎ ነበር። አንድ ቀትር ላይ፣ አውሬው ሁሉ ጥላ ጥላውን ይዞ ሲተኛ፣ ቀበሮ ተማሪውን ወደ ግራሩ ወሰደው። የዛሬው ትምህርት በተግባር ነው አለና ጀርባው ላይ ወጣ።

«እኔ ሳኝክ አንተ ‹ሰምባዲ ኢዝ ኢቲንግ› በል፤ አንድ ሰው እየበላ ነው ማለት ነው» አለው። «አደራህን፣ ‹አር› እንዳትል፤ እሱ ለብዙ ነው።»

አያ ጅቦ አራት እግሩን እንደ ምሰሶ ተክሎ «ሰምባዲ ኢዝ ኢቲንግ፣ ሰምባዲ ኢዝ ኢቲንግ» አለ። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ቀበሮው ጠግቦ ሲወርድ፣ ስለ ጉብዝናው ብሎ አንዲት ዝልዝል ጣል አደረገለት። ጅብም ሳያኝክ ዋጣት። ወደ ጎሬው ሲሄድ ሆዱ ባዶ ቢሆንም ልቡ ሞልቶ ነበር።

በማግሥቱ አንበሳ የግራሩን ቅርንጫፍ ባዶውን አገኘውና አውጫጭኝ ጠራ። የአውጫጭኝ ሥርዓት የታወቀ ነው። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ የአገሩ አውሬ ሁሉ በእሾህ አጥር ውስጥ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ እህልም ውሃም የለም። ጥፋተኛው የታወቀ እንደሆነ ደግሞ ከወንዙ ይከለከላል። በዚያ በጋ ከወንዙ ሌላ ውሃ ስላልነበረ፣ መከልከል ማለት ሞት ነበር።

አያ ጅቦ ተራው ደርሶ ማን በላው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ደረቱን ነፍቶ «ሰምባዲ» አለ። አንበሳ ትርጉሙ ባይገባውም አነጋገሩ ደስ አሰኘውና አለፈው። ቀበሮም እንዲሁ ብሎ አለፈ። ፀሐይ እየበረታች ስትሄድ የተራበው ሁሉ ሆድ መጮህ ጀመረ፤ የጅብ ሆድማ አጥሩን አልፎ ይሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ እውነቱን የፈለገ የለም። የማንም ይሁን የማን፣ ስም ተጠርቶ ወደ ወንዝ መውረድ ብቻ ነበር የሁሉም ምኞት። ይኼኔ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንዳንዶች ሣር እንጂ ሌላ አንቀምስም ይላሉ» አለ ወደ ማንም ሳያይ። «እኔ ግን ግራሩ ሥር የኮቴ ዱካ አይቻለሁ።»

ውርንጭላዋን አቅፋ ጥግ ወደተቀመጠችው አህያ ሁሉም ዞረ። አህያ ሥጋ ትበላለች ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ የተራበ ጉባኤ ብዙ አይጠይቅም። ቀበሮው ወደ ጅብ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ ውሃ ከተከለከለች ብዙም ሳትቆይ ትወድቃለች፣ ያኔ እሷም ልጇም ያንተ ናቸው አለው። አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። ዕድሜውን ሙሉ ያሳደዳት አህያ ያለ ሩጫ ልትመጣለት ነው።

አህያዋ ወደ አንበሳ ሄዳ አልለመነችም። ቀጥ ብላ ወደ ጅብ መጣች።

«አያ ጅቦ፣ በዚህ አገር የኔን ነገር ካንተ በላይ ያጠና የለም» አለችው። «እስቲ አንተው ንገራቸው። እኔ ሥጋ እበላለሁ?»

አያ ጅቦ ሰምባዲ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን ባልበሉት መጠራት እንዴት እንደሚያቃጥል ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረምና አፈረ። ያ እንደ ልብ የሚደበቅበት ጥሻ ለካ ሌላዋን ሜዳ ላይ የሚያስቀር ኖሯል። ወዲያው ደግሞ ጀርባውን መሰላል አድርጎ በእንግሊዝኛ ሲዘምር የዋለበት ቀትር ትዝ አለውና ሳቁ አመለጠው። እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ጌታዬ፣ በእንግሊዝኛ የበላው ሰምባዲ ነው» አለ። «በአማርኛ ግን እኔና የኔታ ነን። እሳቸው ሲበሉ የተሸከምኳቸው እኔ ነኝ። የደረሰችኝ አንዲት ዝልዝል ናት፤ እሷንም ሳላጣጥማት ነው የዋጥኳት።»

ቀበሮው ማን አይቶ ሲል ተከራከረ። አንበሳ ግን ጆሮውን አቀና። በዚያ አጥር ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ሆዱ ያልጮኸ ቀበሮ ብቻ ነበር።

ቀበሮ ከወንዙ ተባረረ። ጅብ ራሱን ስላጋለጠ ምሕረት ቢያገኝም፣ ውሃ የሚጠጣው ከሁሉ በኋላ፣ ከአህያዋ ቀጥሎ እንዲሆን ተፈረደበት። አስጎብኚነቱም በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ያን የሚያስጎመጅ ዳሌ አፍንጫው ሥር አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ወረፋውን ይጠብቃል። ወረፋ አስከባሪው ጉሬዛ ከዛፍ ላይ ሆኖ የመጨረሻው ማነው ብሎ ሲጣራ፣ አያ ጅቦ እየሳቀ «እኔ ነኝ» ይላል።

ከዚህ የምንማረው፣ «እኔ ነኝ» ማለት የሚገባው «አንድ ሰው ነው» እያለ በተደበቀ ቁጥር ጥፋቱ ምንም በማያውቅ ምስኪን ስም እንደሚጠራ ነው።