በደራሽ የተለወጠችው በቅሎ

አንዳንድ አባባል ከጥንት ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ይመስላል እንጂ፣ መነሻው እዚሁ ደጃችን ነው። ከወልድያ ወረድ ብላ ባለችው ከተማችን የአንዱ ንግድ ሲቀዘቅዝ፣ የሌላው ትዳር ሲናጋ፣ ሰው "በቃ፣ አለቀ" ሲል ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት ቃል አለች። እንግዳ ሰው ሲሰማት የሐኪም ቤት ነገር ትመስለዋለች። የለም፤ ቃሏን ያመጣት የሉባባ ሰይድ መኪና ናት።

ሉባባ ማሽላ ነጋዴ ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ አንዲት ያረጀች የናፍጣ ፒክአፕ ገዝታ መንዳት ስትማር ያልሳቀባት ሰው አልነበረም። እሷ ግን ነዳች። ምጥ የጠናባትን ሐኪም ቤት፣ ሙሽራዋን አማቶቿ ደጅ፣ እህሉን ገበያ አደረሰች። ውሎ አድሮ ያው የሳቀው ሰው ለመኪናዋ ስም አወጣላት፤ ደራሽ አላት። ሉባባ ይህን ስም ስትሰማ አንገቷ ቀና ይላል።

አንድ ክረምት ደራሽ ታመመች። ጠዋት አልነሳ ትላለች፤ ከተነሳችም ትንቀጠቀጣለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ዳገት ስታይ እህ እህ እያለች ታስላለች። ይባስ ብላ የሽምግልና መንገደኞች እንደጫነች ግራር አምባ ዳገት ወገብ ላይ ቀጥ አለች። የተከበሩት ሰዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲገፉ፣ ሉባባ መሪዋን እንደጨበጠች ፊቷ በኀፍረት ነደደ።

ታናሽ ወንድሟ ሙሄ ደግሞ ነገር ሳይበስል ከእሳት የሚያወርድ ሰው ነው። "ሞተሩ ሞቷል" አለና፣ እህቱን እንኳ ሳይጠይቅ ቁርጥራጭ ብረት ከሚገዛው ከአቶ ጌጡ ጋር ተዋውሎ መጣ። ሉባባ ከገበያ ስትመለስ በደራሽ የፊት መከላከያ ብረት ላይ አንዲት ቡላ በቅሎ ታስራ አገኘች።

"ሙሄ፣ ይቺ ደግሞ የማን ናት?"

"ያንቺ ናታ እታለም! ጭስ የላት፣ ናፍጣ አትጠጣ። በደራሽ ለውጬ አመጣሁልሽ።"

ከአፍታ በኋላ አቶ ጌጡ መዶሻና መፍቻ ከያዙ ሰዎች ጋር ከች አለ፤ ጫጫታውን የሰሙት ጎረቤቷ ሼህ አራጋውም ምርኩዛቸውን ይዘው ተከትለው ገቡ።

"አቶ ጌጡ፣ ባለቤቱ ያላወቀው ውል አይጸናም" አለች ሉባባ።

"ወንድምሽ እጄን መትቶ፣ በቅሎዬን ይዞ ሄዷል። ቃል ቃል ነው እንጂ!"

ሉባባ ዞር ብላ ደራሽን አየቻት። ያ ሁሉ ሰው ስም ያወጣላት መኪና በመዶሻ ልትቀጠቀጥ ነው። ደሟ ፈላ።

"እንግዲያው አዲስ ውል እንግባ። ነገ ከሰዓት ደራሽ አንተኑ ጭና ግራር አምባን ካልወጣች፣ መኪናዋንም በቅሎዋንም ውሰድ። ከወጣች ግን በቅሎህን ይዘህ ሂድ፤ ደራሽንም ሁለተኛ ብረት ብለህ አትጥራት።"

ሙሄ ራሱን ያዘ። "እታለም፣ አብደሻል? ሁለቱንም ልታጪ ነው እኮ!"

"ሼህ አራጋው፣ ምስክሬ ነዎት።"

"ሰምቻለሁ" አሉ ሼሁ። አቶ ጌጡም በውሉ ተስማምቶ ሰዎቹን ይዞ ተመለሰ።

ሉባባ ጊዜ አላጠፋችም፤ ደራሽን አስጎትታ፣ ሙሄንም አስከትላ ዳምጤ ጋራዥ ገባች። ዳምጤ እጁን የሚያምን፣ አፉንም የማይቆጥብ መካኒክ ነው። ሞተሩን እንደምንም አስነስቶ ናፍጣ የሚያደርሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ተራ በተራ ያላላ ጀመር።

"ስሚ እትዬ ሉባባ፤ አንዱን ሳላላው ድምጿ ከወደቀ፣ እሱ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ምንም ካልተለወጠ ግን ድሮም ተኝቷል።"

"እኔ ልንገርህ" አለች ሉባባ ጆሮዋን አዘንብላ። "ይሄ ይሠራል… ይሄ ሰነፍ ነው… ይሄም ተኝቷል… ያኛው ደህና ነው።"

"ወይ ጆሮ!" አለ ዳምጤ። "ሞተሩ ጤነኛ ነው። የተዘጋው ጉሮሮዋ ነው፤ ናፍጣውን የሚረጩት ኢንጄክተሮች።"

ፈቷቸውና በእጅ በሚገፋው መፈተሻ ላይ አሰራቸው። ደህናው ናፍጣውን እንደ ጉም በተነው፤ ሰነፉ እንደ ሕፃን ለሃጭ አንጠባጠበው። ሉባባ ቀርባ ልትነካው ስትል "እጅሽን አርቂ! ግፊቱ ቆዳ ይበሳል" ብሎ ጮኸባት። ከዚያ የጠቆረውን ጥላሸት አጠበ፤ የተበሉትን ጫፎች በአዲስ ለወጠ፤ ግፊታቸውን አስተካከለ፤ ከሥራቸው አዲስ የመዳብ ቀለበት አደረገ። ማጣሪያውን ሲከፍተውማ ዝገትና አሸዋ ዝርግፍ አለ።

"ይሄ ከመንገድ ዳር በርሜል የተቀዳ ናፍጣ ነው። ማነው የቀዳላት?"

ማደያ ሰልፍ መቆም የማይወደው ሙሄ አንገቱን ደፋ። ሉባባ ጨርቅ ወርውራለት "ታንከሩን እጠብ" አለችው ብቻ።

ሁሉም ተገጣጠመ፣ ከቱቦው አየር ወጣ፣ ሉባባ ቁልፉን አዞረች። ደራሽ አንዴ አቃሰተች፤ ደገመችና ተነሳች፤ ድምጿ ሳይቆራረጥ እንደ ጅረት ፈሰሰ። ዳምጤ ዘይት የነካውን እጁን ወደ ላይ አንስቶ "እሰይ፣ የኔ እጅ!" አለ። ሉባባ ሳታስበው እንባዋ መጣ።

በማግስቱ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሼህ አራጋው ከፊት ተቀመጡ፤ አቶ ጌጡና ሙሄ ከኋላ ማሽላ በሞላው ጆንያ ላይ ወጡ። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ አቶ ጌጡ ጆንያውን ጨምድዶ ያዘ። ሉባባ ማርሽ ቀነሰች፣ ነዳጅ ሰጠች። ደራሽ ጭስ ሳትተፋ፣ ሳትንገዳገድ፣ አገሩን ሁሉ ቁልቁል እያየች ግራር አምባ አናት ላይ ወጣች። ከታች እልልታው ቀለጠ።

ሉባባ ወርዳ ነጠላዋን አስተካከለችና አንገቷን ቀና አድርጋ መኪናዋን ተደግፋ ቆመች። አቶ ጌጡም ሳቀ፤ "ትናንት በብረቷ ቀንቼ ነበር፤ ዛሬ በነጂዋ ቀናሁ። በሉ በቅሎዬን መልሱልኝ" አለ።

ሰው ሁሉ ዓይኑን ሙሄ ላይ ጣለ።

"እኔስ ምን ላድርግ ሼህ አራጋው?" አለ እያፈረ። "በየቀኑ ስታስል እሰማታለሁ፤ አለቀላት ብዬ ነው እኮ!"

ሼህ አራጋው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ "ሙሄ ልጄ፣ ላሳለ ሁሉ መቃብር አይቆፈርም።"