የስድስት መቶ ስትሮ ታንኳ እና የአንድ «ይቅርብኝ» ጣጣ

ተረት ልጀምር ነው፤ እናንተ የሰንሰለቱን ጫፍ ያዙልኝ። ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ አንዷ ቀለበት ከሾለከች መልሼ ከሀ መጀመሬ ነው።

በአንድ ትልቅ የሽርሽር መርከብ ላይ ጋሽ ምንይችል የሚባሉ ሰው ነበሩ። የፈለጉትም አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች፤ አሥር ክንድ ሲባጎ። መርከቡ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ነው። መዋኛ አለው፣ ሲኒማ አለው፣ ሰው ከመኝታው ወደ ቁርሱ በሊፍት ይወጣበታል። ይህን ሁሉ የተሸከመ መርከብ አሥር ክንድ ሲባጎ አጣ ብላችሁ ታምናላችሁ? አላጣም። ጣጣው ሌላ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ጋሽ ምንይችል የጣና ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደንገል እያሰሩ ታንኳ ሠርተዋል፤ ጎብኚ ሲያመላልሱም እንግሊዝኛ ለቃቅመዋል። ሚስታቸው እትዬ ይታይሽ ናቸው። የዛሬ አርባ ዓመት ሙሽሪትን ከደቅ ደሴት ያሻገሯቸው በገዛ እጃቸው ባሰሩት ታንኳ ነው። ዱባይ የምትሠራው ልጃቸው ይህን ታውቃለችና፣ አርባኛ ዓመታችሁን ባሕር ላይ አክብሩ ብላ የመርከብ ትኬት ቆረጠችላቸው።

እትዬ ይታይሽ ግን መርከቡ ከወደቡ ንቅንቅ ሲል መኝታ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። እጀታው ላይም «አትረብሹ» የምትለዋን ካርቶን አንጠለጠሉ። ጋሽ ምንይችል፣ «ነይ፣ ወጥተን ባሕሩን እንይ» አሏቸው።

«አይ፣ ይቅርብኝ» አሉ እትዬ ይታይሽ። «ይሄ ብረት በምን እንደታሰረ አላውቅም። ያንተ ታንኳ ቢሆን እወጣ ነበር።»

ጋሽ ምንይችል ሚስታቸውን መጨቅጨቅ አልወደዱም፤ ምግባቸውን በትሪ አምጥተውላቸው ብቻቸውን ወጡ። ስማቸው ይታይሽ፣ የሚታያቸው ግን ግድግዳና መጋረጃ። ጋሽ ምንይችልም ለሁለት ሰው በተዘጋጀ ጠረጴዛ ላይ ብቻቸውን ሲበሉ ባሕሩ ባሕር አልመስል አላቸው። ከሚስታቸው ጋር የማያዩት ነገር ምን ያደርግላቸዋል?

በሁለተኛው ቀን አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ መዋኛው ላይ በእጅ የተሠሩ ትንንሽ ጀልባዎች ይወዳደራሉ። ጀልባው መርከቡ ላይ ከተገኘ ነገር ብቻ መሠራት አለበት፤ ስድስት ሙሉ የለስላሳ ጣሳ ተሸክሞም መስመጥ የለበትም። ለአሸናፊው ዋንጫ አለ። ጋሽ ምንይችል ዋንጫውን ከቁብም አልቆጠሩት። ያንተ ታንኳ ቢሆን እወጣ ነበር ብላ የለ? እንግዲያው ታንኳ ይሠራላታል፣ እሷም ልታይ ትወጣለች። ሐሳባቸው ይኸው ነበር።

ደንገል ከየት ይምጣ? ጋሽ ምንይችል ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ ስድስት መቶ የወረቀት ስትሮ ለቀሙ፤ ለአንድ ጣሳ መቶ መሆኑ ነው። ጫፍ ጫፋቸውን በሻማ ሰም ደፈኑ፣ በነዶ በነዶ ደረደሩ። ማሰሪያ ብቻ ቀረ። የጫማቸውን ክር ፈትተው ቢሞክሩት የታንኳዋን አፍንጫ አስሮ አለቀ።

ሲባጎ ያላት ማሪሰል ናት። ማሪሰል የፊሊፒንስ ሰው ናት፤ የመርከቡን ኬክ የምትጋግረው እሷ ነች፤ የኬክ ካርቶን የምታስርበት ጥቅል ሲባጎም ከጠረጴዛዋ አይጠፋም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ምንይችል ኩሽናዋ በር ላይ ቆመው ጥቅሉን አዩት፤ እሷም ማየታቸውን አየች። ደግ ሴት ናትና ሳይጠይቋት ረዘም አድርጋ ቆርጣ ዘረጋችላቸው። ጋሽ ምንይችልስ ምን አሉ? ያደጉበትን አሉ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ኖ፣ ኖ፣ ይቅርብኝ፣ አላስቸግርሽ» አሉ።

ከዚያ ቆመው ጠበቁ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «ይቅርብኝ» ያው ሰላምታ ማለት ነው። ሰጪው «ኧረ ይውሰዱ» ይላል፣ ተቀባዩ «አይገባም» ይላል፣ በሦስተኛው «በሞቴ» ይመጣል፣ ያን ጊዜ እጅ ይዘረጋል። ማሪሰል ግን «ኦኬ» ብላ ሲባጎውን መልሳ ጠቀለለችው።

አሁን ምን ይደረግ? አልፈልግም ያሉትን ተመልሶ ስጪኝ ማለት ለጋሽ ምንይችል ከነታንኳው ከመስመጥ ይብስባቸዋል። ስለዚህ የአገራቸውን ዘዴ ያዙ፤ አማላጅ መላክ። እንግዲህ ያዙልኝ ያልኳችሁ ጫፍ እዚህ ይጀምራል። እትዬ ይታይሽ ያለ ታንኳ አይወጡም፤ ታንኳው ያለ ሲባጎ አይታሰርም፤ ሲባጎው ያለ አማላጅ አይጠየቅም።

ለአማላጅነት የታያቸው አስተናጋጃቸው ቶማስ ነው። ቶማስ ከሕንድ የመጣ ረዥም ሰው ነው፤ ጋሽ ምንይችል ብቻቸውን ቢቀመጡም ሁልጊዜ ሁለተኛ ማንኪያና ሹካ ያስቀምጥላቸዋል፤ ምናልባት ዛሬ ትመጣ ይሆናል እያለ። ነገሩን ሲሰማ ሊሄድላቸው ወደደ፤ ግን ሽርጡን አሳያቸው። ሱጎ ተደፍቶበታል። ማሪሰል በቆሸሸ ሽርጥ ኩሽናዋ የሚገባን ሰው በማማሰያ ነው የምታባርረው፤ ትናንት እሱን አባርራዋለች። ቅያሪው ደግሞ ላውንደሪ ነው። ይኸው ነገር ረዘመ። እትዬ ይታይሽ ያለ ታንኳ አይወጡም፤ ታንኳው ያለ ሲባጎ አይታሰርም፤ ሲባጎው ያለ አማላጅ አይጠየቅም፤ አማላጁ ያለ ንጹሕ ሽርጥ አይሄድም።

ጋሽ ምንይችል ክር የሌለው ጫማቸውን ጠፍ ጠፍ እያደረጉ ወደ መርከቡ ሆድ ወረዱ። የላውንደሪው ልብስ አጣቢ ዋያን ይባላል፤ የኢንዶኔዥያ ሰው፣ ፊቱ ከእንፋሎቱ የተነሣ ሁልጊዜ ቀይ የሆነ። የቶማስ ሽርጥማ ማሽኑ ውስጥ ገብቷል አላቸው፤ ማሽኑ ግን ሳይሞላ አይነሣም፣ የመርከቡ ደንብ ነው፤ የጎደለውም አንድ ጋሪ አንሶላ ብቻ ነው። ጋሽ ምንይችል የራሳቸውን ኮት አውልቀው ይሄ አይሞላውም ወይ ብለው ነበር። ዋያን ሳቀና ኮቱን መልሶ አለበሳቸው። እንግዲህ ትንፋሻችሁን ሰብስቡ። እትዬ ይታይሽ ያለ ታንኳ አይወጡም፤ ታንኳው ያለ ሲባጎ አይታሰርም፤ ሲባጎው ያለ አማላጅ አይጠየቅም፤ አማላጁ ያለ ንጹሕ ሽርጥ አይሄድም፤ ሽርጡ ያለ ማሽን አይታጠብም፤ ማሽኑ ያለ አንሶላ አይሞላም።

አንሶላ የምትሰበስበው ሚሬላ ናት፤ ስምንተኛ ፎቅ ላይ አልጋ የምታነጥፍ የሩማንያ ሴት። ጋሽ ምንይችል ሲደርሱ ጋሪዋን ተደግፋ ቆማለች። የኮሪደሩን አንሶላ ሁሉ ገፍፌያለሁ አለቻቸው፤ አንድ ክፍል ብቻ ቀርታኛለች፣ እሷን ሳልጨርስ ጋሪውን አውርጂ አይሉኝም፤ ክፍሏ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ «አትረብሹ» ብላ ተዘግታብኛለች።

ጋሽ ምንይችል ተናደዱ። ይህን ሁሉ ሰው የሚያጉላላ ምን ዓይነት ሰው ነው አሉ፤ ክፍሉን አሳዪኝ፣ ሄጄ እለምነዋለሁ አሉ። ሚሬላ በጣቷ ጠቆመች። ስምንት መቶ አሥራ አራት። ጋሽ ምንይችል ኪሳቸውን ዳብሰው ቁልፋቸውን አወጡና አዩት። ስምንት መቶ አሥራ አራት።

ሳቁ እንጂ፤ እኔም ስቄያለሁ። እትዬ ይታይሽ ያለ ታንኳ አይወጡም፤ ታንኳው ያለ ሲባጎ አይታሰርም፤ ሲባጎው ያለ አማላጅ አይጠየቅም፤ አማላጁ ያለ ንጹሕ ሽርጥ አይሄድም፤ ሽርጡ ያለ ማሽን አይታጠብም፤ ማሽኑ ያለ አንሶላ አይሞላም፤ አንሶላው በሩ ካልተከፈተ አይገፈፍም፤ በሩ እትዬ ይታይሽ ካልወጡ አይከፈትም፤ እትዬ ይታይሽ ያለ ታንኳ አይወጡም። ሰንሰለቱ የራሱን ጭራ ነከሰ።

ጋሽ ምንይችል አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። እትዬ ይታይሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጀርባቸውን ለመጋረጃው ሰጥተው። መጀመሪያ ያዩት ጫማውን ነው፤ ክርህ የት ሄደ አሏቸው። ጋሽ ምንይችልም ከክሩ ጀምረው ሁሉንም ነገሯቸው፤ ስትሮውን፣ ሲባጎውን፣ ሽርጡን፣ ማሽኑን፣ አንሶላውን። እትዬ ይታይሽ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ድንገት ሳቃቸውን አቆሙ።

«ቆይ እስቲ። ሴትየዋ ሲባጎውን ዘርግታልህ ነበር?»

«ዘርግታልኝ ነበር።»

«ስንቴ ነው ይቅርብኝ ያልካት?»

«አንዴ።»

«እና በሞቴ ሳትልህ መልሳ አስቀመጠችው?»

«ኦኬ አለች» አሉ ጋሽ ምንይችል፣ አሁንም ቅር እንዳላቸው። «እንዴት ሰው አንዴ ብቻ ይባላል?»

እትዬ ይታይሽ ነጠላቸውን አስተካከሉና አዩአቸው። «አንተስ እኔን ውጪ ያልከኝ ስንቴ ነው?»

ጋሽ ምንይችል ሊቆጥሩ ሞከሩ። ቁጥሩ ሳይጀመር አለቀ። «አንዴ» አሉ።

«ይቅርብኝ አልኩህ፤ ትሪ አስቀምጠህልኝ ሄድክ። አሁን ይመለሳል፣ አሁን በሞቴ ይለኛል እያልኩ ሦስት ቀን በሩን ሳይ ከረምኩ። አንተ ለካ ስትሮ ትለቅማለህ።»

«ትፈራለች ብዬ እኮ ነው።»

«እፈራለሁ እንጂ። ያኔ ከደቅ ስንሻገርስ አልፈራሁም? እጄን ይዘኸኝ ነበር።»

ጋሽ ምንይችል፣ አርባ ዓመት ሙሉ በየሰው ቤት «በሞቴ» ሲሉና ሲባሉ የኖሩ ሰው፣ የገዛ ሚስታቸው ላይ ሲደርስ ማሪሰልን ሆነው ተገኙ። አፈሩ፤ ከማፈርም በላይ ሚስታቸው ናፈቋቸው፣ እፊታቸው ተቀምጠው ሳለ። እጃቸውን ዘረጉ።

«በሞቴ፣ ይታይሽ» አሉ። «ውጪልኝ።»

«አትሙትብኝ» አሉ እትዬ ይታይሽ፣ ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ።

እነሆ ወጡ! እትዬ ይታይሽ ሲወጡ በሩ ተከፈተ፤ በሩ ሲከፈት አንሶላው ተገፈፈ፤ አንሶላው ሲገፈፍ ማሽኑ ሞላ፤ ማሽኑ ሲሞላ ሽርጡ ታጠበ፤ ሽርጡ ሲታጠብ አማላጁ ተነሣ፤ አማላጁ ሲነሣ ሲባጎው ተጠየቀ። ዋያን ሽርጡን ገና ትኩሱን ለቶማስ ወረወረለት፤ ቶማስ እየታጠቀ ወደ ኩሽናው ገባ፤ እትዬ ይታይሽም የባላቸውን እጅ ሳይለቁ ከኋላ ተከተሉና ለማሪሰል አንዲት ቃል አስጠኗት። ማሪሰል ሲባጎውን ዘረጋች። የጋሽ ምንይችል እጅ ሳይጠሩት ደረታቸው ላይ ወጣ፤ «ኖ፣ ኖ» አሉ። እንደገና ዘረጋች። አሁንም እንቢ አሉ። በሦስተኛው፣ ሞ-ዋን ረዘም አድርጋ፣ «በሞቴ» አለቻቸው። ተቀበሉ።

ሲባጎው ሲገኝ ታንኳው ታሰረ፤ እትዬ ይታይሽ ነዶውን ይዘው፣ ጋሽ ምንይችል እያጠበቁ። ውድድሩ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ጨርሰው መዋኛው ዳር ደረሱ። ከፒዛ ካርቶን የተሠራው መርከብ በሦስተኛው ጣሳ ወገቡ ተቆረጠ። ከሻምፑ ጠርሙስ የተሠራው እስከ አምስት ተሸክሞ ተገለበጠ። ታንኳዋ፣ አፍንጫዋ በጫማ ክር ታስሮ፣ አንድ ጣሳ ያዘች፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስድስተኛው ሲጫን ወደ ግራ ዘንበል አለች፤ እትዬ ይታይሽ የባላቸውን ክንድ ቆንጥጠው ያዙ፤ ታንኳዋ ግን ተመልሳ ቀጥ አለች። ሚሬላና ዋያን ሥራቸውን ጥለው መጥተው ነበርና ከሁሉ በላይ ያጨበጨቡት እነሱ ናቸው።

ዳኛዋ ዋንጫውን ይዛ መጥታ ለጋሽ ምንይችል ዘረጋች። ልማድ ክፉ ነው። «ኖ፣ ኖ፣ ይቅርብኝ» አሉ። ዳኛዋም «ኦኬ» ብላ ለሻምፑ ጠርሙሱ ሰውዬ ሰጠችው።

እትዬ ይታይሽ እየሳቁ ወደ መርከቡ ዳር፣ ወደ መደገፊያው ብረት ጎተቷቸው። ከዚያ ወዲያ ባሕር ብቻ ነው፤ ዳርቻ የለውም፣ ደሴት የለውም፣ ፀሐዩ ላዩ ላይ ተኝቶበታል። እትዬ ይታይሽ ብረቱን ተደግፈው አዩት። በርዶሽ ከሆነ እንግባ አሏቸው ጋሽ ምንይችል። አይ፣ ይቅርብኝ አሉ እትዬ ይታይሽ፤ ይህችኛዋ «ይቅርብኝ» ግን የእውነት ነበረች፣ ጋሽ ምንይችልም ገባቸውና አልደገሙትም። ማታ ቶማስ ያስቀመጣት ሁለተኛዋ ማንኪያ ሥራ አገኘች።

ተረቴን እዚህ ቋጠርኩት። ድገምልን ብትሉኝ «ይቅርብኝ» እላችኋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚባለውን ታውቃላችሁ።