መስታወቱ ከተቀየረ በኋላ

መስታወት ማለት የሚታይ ዕቃ አይደለም፤ የሚታይበት ዕቃ ነው። ጤነኛ ሲሆን ማንም አያየውም። ሰው መስታወትን ካየው ወይ ቆሽሿል፣ ወይ ተሰንጥቋል፣ ወይ ገና ሰሞኑን ተገጥሟል።

እትዬ አስካለ ይህን የተናገሩት ስለ መስታወት ለጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ምትኩ የጠየቃቸው ስለ ሚስቱ ነው። እትዬ አስካለ ከርዕሰ መምህርነት ጡረታ የወጡ፣ በሰፈሩ ባልና ሚስት ሲጣሉ ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚቀመጡ ሴት ናቸው፤ ምትኩን ከሚስቱ ካስታረቁትም አንዷ እሳቸው ነበሩ። የምትኩ ጥፋት የታወቀ ነው። ከሥራ ሲሰናበት ለሚስቱ አልነገራትም። ለወራት ጠዋት ጠዋት ከረባቱን አስሮ ይወጣል፤ ማታ እንደ ደከመው ሰው ሆኖ ይገባል፤ እራት ላይ ስለሌለ አለቃ ያማርራል። ሚስቱ ነገሩን የሰማችው ከሰው ነው። አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ወላጆቿ ቤት ሰነበተች፣ በመጨረሻም ይቅር አለችው። አሁን ሌላ ሥራ ይዟል። እሷ ግን በሥራ ሰዓት ደጋግማ ትደውላለች። የት ነህ ትላለች። ከጀርባህ የሚሰማው ድምፅ የምንድን ነው ትላለች።

«በእናንተ ፊት ይቅር ብዬዋለሁ ብላለች» አለ ምትኩ። «ታዲያ ይቅር ካለችኝ ለምን እንደ ፖሊስ ትመረምረኛለች? ወይስ ይቅርታዋ ከአንገት በላይ ነው? እንዲያ ከሆነ ቁርጤን ልወቅ፣ እትዬ። በዚህ ዓይነት ከምኖር ልብሴን ይዤ ብወጣ ይሻለኛል።»

«ዛሬውኑ ነው የምትወጣው?»

«ዛሬ ባይሆን ነገ።»

«እንግዲያው ጊዜ አለን» አሉና ይህን ነገሩት።

አንድ ሰው ነበረ። የኤሌክትሪክ መኪና ነበረው። እናቱ ኩላሊታቸው ደክሞ በየሳምንቱ ማክሰኞና ሐሙስ ሆስፒታል እየሄዱ ደማቸው በመሣሪያ ይታጠባል፤ የሚያመላልሳቸው እሱ ነው። አንድ ቀን አሸዋ የጫነ ገልባጭ ከፊቱ ሲሄድ ጠጠር አስፈንጥሮ የፊት መስታወቱን መታው። ስንጥቁ መጀመሪያ ምስር ያህል ነበር። ሰውየው ምስር ምን ያደርጋል ብሎ ተወው። ሳምንት ሳይሞላ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ።

መኪናዋን መስታወት ቤት ወሰዳት። አሮጌው ወጣ፣ አዲሱ ገባ፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅ እዚያው አደረች። በማግስቱ ሲረከባት መስታወቱ የሌለ እስኪመስል ድረስ ጥርት ብሎ ነበር። ገጣሚው ቁልፉን ሲሰጠው ከመስታወቱ አናት ላይ የተቀመጠች ትንሽ ካሜራ አሳየው። የመኪናዋ ዓይን ይህች ናት አለው። መስታወቱን ለመቀየር ስንል ነቅለን መልሰናታል፤ በአዲሱ መስታወት በኩል ማየት እስክትለምድ ድረስ መኪናዋ ነገር ትስታለች። ቀጥ ያለና መስመሩ በደንብ የተቀባ መንገድ ፈልግ፤ ፍጥነት ሳትቀያይር ረጅም ንዳ፤ ዓይኗ ሲስተካከል ከመሪው ፊት የበራችው ይህች ቢጫ መብራት ትጠፋለች አለው።

«ምን ያህል ልንዳ?»

«እስክትጠፋ።»

ገጣሚው ይህን ሲናገር ወደሚቀጥለው መኪና እየሄደ ነበር። ሰውየውም ሲሰማ ቀበቶውን እያሰረ ነበር። መስታወቱ ካማረ ሌላው ትርፍ ነው ብሎ ሄደ።

ማክሰኞ እናቱን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ ወደ ሆስፒታል ተነሣ። የመብራት ምሰሶ ጥላ አስፋልቱን አቋርጦ ተኝቷል። መኪናዋ ጥላውን ስታይ ጮኸች፤ ፍሬን ያዘችና ቆመች። እናቱ ግንባራቸው ከፊታቸው ካለው ወንበር ጋር ተጋጨ።

«ምን ገጨህ?»

«ምንም አልገጨሁም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምን አይተህ ቆምክ?»

«እኔ ምንም አላየሁም። እሷ ናት ያየችው።»

«ምን አየች?»

«ጥላ።»

እናትየው ሻሻቸውን አስተካከሉና ትንሽ አሰቡ። «እንግዲህ ጥላው ተሻግሮ እስኪያልፍ ጠብቃት» አሉ።

ትንሽ እንደሄዱ ደግሞ መንገድ የተጠገነበት የሬንጅ ጠባሳ መስመር መስሏት መሪውን ከእጁ ልትነጥቀው ታገለች። ሆስፒታል ሲደርሱ እናትየው ከጣሪያው በታች ያለውን መያዣ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር፤ ሲመለሱም አለቀቁትም። ቤት ገብተው ውኃ ከጠጡ በኋላ፣ ሐሙስ አልሄድም አሉ።

«ሐኪሙ አንድ ቀን እንኳ እንዳትቀሪ ብሏል እኮ፣ እማዬ።»

«ሐኪሙ በዚች መኪና አልሄደም።»

«በሰው መኪና እንሂዳ።»

«የልጄ መኪና እንዲህ ካደረገኝ የማላውቀው ሰው መኪና ሊያዝንልኝ ነው? ተወኝ። መሞቴ ካልቀረ በአልጋዬ ልሙት። ጥላ ገጭታ ሞተች አልባልም።»

ሰውየው እናቱ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው መሆናቸውን ያውቃል። አንድ ቀን ከቀሩ ምን እንደሚመጣም ያውቃል። ተናደደ፤ የተናደደው ግን በመኪናዋ ነው። አዲስ መስታወት አስገብቶላታል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?

ከስክሪኑ ፈልጎ ማስጠንቀቂያውን አጠፋው። መኪናዋ ጸጥ አለች፤ ደስ አለው። ቆይቶ እንደገና ሲያስነሣት ማስጠንቀቂያው ራሱ በርቶ ጠበቀው። አጠፋው፤ በራ። ንዴቱ ሲብስ ካሜራዋ ላይ ፕላስተር ለጠፈባት። መኪናዋም ማየት አልቻልኩም ብላ በስክሪኑ ላይ ጻፈችለት፤ አንድ የነበረው መብራት ሁለት ሆነ። ፕላስተሩን አነሣ።

ያን ጊዜ ገጣሚው ያለው ትዝ አለው። ቀጥ ያለና መስመሩ የተቀባ መንገድ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው የፍጥነት መንገድ ነው። ሰውየው ግን እዚያ ድረስ ለመሄድ አልፈለገም። ከደጄ አስፋልት እያለልኝ ምን አንከራተተኝ አለ። የሰፈሩ አስፋልት መስመር ከነበረው ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስለዚህ ኖራ በባልዲ በጥብጦ ብሩሽ ይዞ ወጣ። የጎረቤት ዘበኛ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ከክፍለ ከተማ ነህ፣ ጋሼ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ለማን ነው የምትቀባው?»

«ለመኪናዬ። መስመር እያየች መማር አለባት።»

ዘበኛው ባልዲውን አየ፤ መኪናዋን አየ። «ቦታ ካለህ የእኔንም ልጅ መዝግብልኝ» አለ። «ስምንተኛ ክፍል እምቢ ብሎታል።»

መስመሩ ከሰውየው በር ተነሣ። ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ዞረ። ጎረቤቱ ያቆመው መኪና ጋ ሲደርስ ደግሞ ዞረ። ከሱቁ ፊት ያለውን የድንጋይ ክምር ሸሽቶ መሐል መንገድ ገባ፤ እዚያው ኖራው አለቀ። ሰውየው በመስመሩ ላይ እየተመላለሰ ነዳ። መኪናዋ መስመሩን አየችው፤ አላመነችውም። ሲመሽ ዘነበና ኖራው ወደ ቱቦው ወረደ።

ረቡዕ ጠዋት እናቱ ቤት ሲገባ እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ብሏቸው በሸበጥ ተቀምጠው አገኛቸው። መኪናዋ ዳነች ወይ ብለው ጠየቁት። ገና ናት አለ። «እንግዲያው ነገ ደጄ ላይ ጡሩምባ እንዳትነፋ» አሉት። ሰውየው ወጥቶ መኪናዋን አስነሣና ወደ ፍጥነት መንገዱ ሄደ።

መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሰውየው ቀኙን ይዞ በአንድ ፍጥነት ይነዳ ጀመር። ይህ ለእሱ ቀላል አልነበረም፤ ሲነዳ ከፊቱ ሰው ካየ ሳይቀድም እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ቀደመው። አውቶቡስ ቀደመው፤ ተሳፋሪዎቹ አሞት ይሆን ብለው በመስኮት ዞረው አዩት። ቻለው። ዓይኑ ያለው ግን ከቢጫዋ መብራት ላይ ነበር። አሁን ጠፋች፣ አሁን ጠፋች እያለ መብራቷን ሲያይ ጎማው መስመሩን ይረግጣል፤ መኪናዋ ትጮኻለች፤ የተማረችውም ይበላሽና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ሄዶ ተመለሰ፤ ተመልሶ ሄደ። የክፍያው በር ላይ ያለችው ልጅ ፊቱን ለየችው።

«ምነው ተመላለስክ፣ አባቴ? ዕቃ ረሳህ?»

«የለም፣ መንዳት እየተለማመድኩ ነው።»

ልጅቷ ሽበቱን አየች። «በርታ» አለችው።

ከበሩ አለፍ ብሎ መኪናዋን ዳር አቆመና ብዙ ተቀመጠ። ከዚያ ፕላስተር ቆረጠና ቢጫዋን መብራት ሸፈናት። የመኪናዋን ዓይን አይደለም፤ እሱ ራሱ እንዳያያት መብራቷን። የሚያየው ሲያጣ መንገዱን አየ። መስመሩን ይዞ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ዞሮ መስመሩን ይዞ ተመለሰ። ሐሳቡ ሁሉ ከመንገዱና ከእናቱ እግር ላይ ነበር። ቤቱ ገብቶ ፕላስተሩን ሲያነሣ ከሥሩ መብራት አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ለእናቱ መብራቷ መጥፋቷን ነገራቸው።

«መብራቷን እኔ መች አየኋት» አሉ እናትየው። «እኔ የማውቀው ግንባሬን ነው።»

የሆነው ሆኖ እግራቸው ስለከበዳቸው መኪናዋ ውስጥ ገቡ። ገብተውም መያዣውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ሰውየው መኪናዋ ድናለች፣ ልቀቂው ሊል አፉን ከፈተና ተወው። የእናቱ ዓይን መብራት የለውም፤ መቼ እንደሚስተካከል የሚነግረው ነገር የለም። ስለዚህ በፍጥነት መንገዱ ላይ እንደነዳው አድርጎ ነዳ። ማንንም አልቀደመም። ለመቆም ከሩቁ በረድ አለ። ጉብታ ሲኖር ሳይጠየቅ ጉብታ አለ፣ እማዬ ይላል። በሚቀጥለው ጊዜም እንዲሁ አደረገ። ከብዙ ምልልስ በኋላ እናትየው መያዣውን በአንድ እጃቸው ብቻ ያዙ። አንድ ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ ሊያወርዳቸው ዞር ቢል እናቱ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተኝተዋል። ሊቀሰቅሳቸው ሳሳና መኪናዋን አጥፍቶ ጠበቀ። ነርሷ ለምን ዘገያችሁ ብላ ተቆጣችው።

እትዬ አስካለ እዚህ ላይ ወደ ምትኩ ዞሩ።

«መስታወቱ ይቅርታዋ ነው» አሉት። «ሚስትህ አዲስ አስገብታልሃለች፤ ከአንገት በላይ አይደለም፤ ስትናገር አጠገቧ ተቀምጬ አይቻታለሁ። ዓይኗ ግን ተነቅሎ የተመለሰ ዓይን ነው። በድሮው መስታወት በኩል ስታይህ ከረባት ያሰረ ሠራተኛ ነበር የምታየው፤ ያየችው ሁሉ ውሸት ነበር። አሁን ጥላ ባየች ቁጥር ፍሬን ብትይዝ ይገርምሃል? ለምን ትመረምሪኛለሽ ብለህ አትጠይቃት፤ መማር ያለባት ካንተ መንገድ ነው። አንተ ደግሞ እስካሁን ያቀረብክላት ኖራ ነው። ስልኩን ስታነሣ አንድ ቀን በደስታ፣ አንድ ቀን በኩርፊያ፤ ሲመችህ ትነግራታለህ፣ ሳይመችህ ዞር ትላለህ።»

ምትኩ ታሪኩ ዘበኛው ጋ ሲደርስ ስቆ ነበር፤ አሁን አልሳቀም።

«ስንት ጊዜ ይፈጅ ይሆን፣ እትዬ?»

«ይህችን ጥያቄህን እንደ ቢጫዋ መብራት ፕላስተር ለጥፍባት» አሉት።

ምትኩ ወደ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ለረጅም ጊዜ እየደወለች የት እንዳለ ጠየቀችው፤ እሱም ለረጅም ጊዜ ያለበትን ነገራት። መጠየቅ ያቆመችው መቼ እንደሆነ ዛሬ ሁለቱም አያስታውሱትም።