የመኮያ ወለምታ

በእኛ አገር መንገደኛ እያነከሰ ሲመጣ ያየ ሰው «ምን ሆንክ?» ይለዋል። «ወለም አለኝ» ይላል እሱም። ስብራት አይደለም፤ ውልቃትም አይደለም። እግር ሳያስቡት ይታጠፍና ጅማት ይዛነፋል፤ ወጌሻ አሽቶ ይመልሰዋል። ያላሰበው ቃል ያመለጠው ሰውም «አፌን ወለም አለኝ» ማለቱ የተለመደ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያነሣ ተረት አለን፤ አክስቴ እንደነገረችኝ ከሆነ መነሻው የመኮያ ቤት ነው።

መኮያ መንዝ ውስጥ፣ ገደል አፋፍ ላይ የሚኖር፣ ጨዋታ አዋቂ ገበሬ ነበር። ሚስቱ የውብዳር ትባላለች። ብዙ ዘመን አብረው ኖሩ፤ ልጅ ግን አላገኙም። ማታ ማታ እሷ ጥጥ እየፈተለች፣ እሱ ጠፍር እየላገ፣ የአገሩን ወሬ ሁሉ ሲጫወቱ ያመሻሉ፤ ወደ ልጅ ነገር ሲጠጉ ግን ሁለቱም ወሬ ይለውጣሉ። መኮያ በዚህ ነገር ሚስቱን ለማንም ሲያማት ተሰምቶ አይታወቅም።

አንድ ዓመት የማኅበሩ ጽዋ እሱ ዘንድ ደረሰና ቤቱ ሰው ሞላ። ጠላው ግሩም ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ ደጅ የታሰረችውን በቅሎ በበሩ እያየ፣

«መኮያ፣ ይህችን የመሰለች በቅሎ! ምነው ወልዳ ለእኛም በደረሰን!» አለ።

ሰው ሳቀ። መኮያ ደግሞ ጨዋታ ከመጣለት መያዝ አያውቅም።

«ምን ላድርግ ወንድሜ፣ በዚህ ግቢ የሚወልድ የለ! ውጭም በቅሎ፣ ውስጥም በቅሎ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ወዲያው ግን ሳቁ ቁርጥ አለ። የውብዳር ገንቦዋን ታቅፋ ጓዳው በር ላይ ቆማለች።

አልተቆጣችም። የጎደለውን ዋንጫ ሁሉ እየዞረች ሞላች፤ የባሏንም ሞላች። እንግዳው ሲሄድ ዕቃውን አጥባ፣ ቤቱን ጠርጋ ተኛች። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ወንድሜ ዘንድ።»

«አፌን ወለም ብሎኝ እኮ ነው፣ የውብዬ! ጨዋታ ነው!»

«ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ» አለችው።

ገደሉን ወርዳ፣ ወንዙን ተሻግራ፣ ከወንድሟ ከክፍሌ ቤት ገባች።

መኮያ ንዴቷ እስኪበርድ ነው ብሎ ጠበቀ። ክረምቱ ገባ፤ ወንዙ ሞላ። ማታ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ሲያስቀው «የውብዬ፣ ሰማሽ?» ይልና የሚመልስለት ያጣል። እንዝርቷን ከተወችበት አላነሣውም፤ በዙሪያው እየጠረገ ይኖር ነበር። በቅሎይቱን ማየት አስጠላውና ሸጣት። ውሃው እንደጎደለ ሽማግሌ ላከ። «ያኮረፍኩ እንዳይመስለው፤ ጤና ይስጠው» ብላ መለሰቻቸው።

በመጨረሻ ራሱ ተነሣ። ቁልቁለቱን ሲወርድ ዐይኑ ማዶ ማዶውን ሲያይ ድንጋይ ከዳውና እግሩን ወለም አለው። መንገደኞች ደግፈው ክፍሌ ቤት አደረሱት። ክፍሌም አባ ደምለው የተባሉትን ሽማግሌ ወጌሻ አስጠራለት። ቅቤውን አቅልጣ ያቀረበችው የውብዳር ራሷ ናት። ሽማግሌው ቁርጭምጭሚቱን ሲያሹት ቢጮህ፣ ትከሻውን ደግፋ ያዘችው።

«ወደ ቤትሽ ግቢ፣ የውብዬ» አላት እንባው እየወረደ። «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ካፌ አይወጣም።»

«ጠልቼህ አይደለም» አለችው ቀስ ብላ። «እኔም ናፍቀኸኛል። ግን ሰው ሲስቅ በሰማሁ ቁጥር ያ ሳቅ ይመጣብኛል። ሌላ ሰው ቢሰድበኝ አንተ ዘንድ መጥቼ አለቅስ ነበር። አንተው ስትለኝ የት ሄጄ ላልቅስ?»

እግሩ እስኪሽር አስታመመችው፤ ስንቁን ቋጥራ እስከ ወንዙ ሸኘችው። ከወንዙ ግን አልተሻገረችም።

ከዚያ ወዲህ መኮያ ጀንበር ስታዘቀዝቅ አፋፉ ላይ ተቀምጦ ማዶ የክፍሌን ቤት ጭስ ማየት ልማዱ ሆነ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ «እራት እያበሰለች ነው» ይላል ለራሱ። ጭስ ያልታየ እንደሆነ «አሟት ይሆን?» እያለ ሲብሰለሰል ያድራል። አንድ የገበያ ቀን አባ ደምለው ሲያልፉ እዚያው ተቀምጦ አገኙት።

«እግርህ እንዴት ነው፣ መኮያ?»

«እግሬማ ድኗል፣ አባ። እሷስ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

መኮያ ከማዶው ላይ ዐይኑን ሳይነቅል፣

«እርስዎ አሽተው ያላዳኑት ወለምታ የለም ይላሉ» አለ። «ያን ዕለት አፌን ወለም ያለኝንስ ምነው አሽተው በመለሱልኝ!»

ሽማግሌው ከአጠገቡ ተቀመጡ። ወደ ማዶው አብረውት አዩና እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አሉት።