አህያውና የከፈለበት ምክር

ድሮ ነው፤ እንስሳት ሲቸግራቸው በሚማከሩበት፣ ዕቃም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን። ጆሯችሁን ስጡኝ።

ጫኔ የሚባል ጨው ጫኝ አህያ ነበር። ይበላል፣ አይወፍርም። ይበላል፣ አይጠነክርም። ጌታው ነጋዴው ጎኑን ዳሰሰና፣ «እስከሚመጣው ጉዞ ካልበረታ ሜዳ ላይ እተወዋለሁ» አለ። ሜዳው የጅብ ነው። ጫኔ ይህን ያውቃል።

ከጭነቱ ሥር ጀርባው ላይ የሚደረገው ኩርታን አጉረመረመ። «አጥንትህ ወጋኝ እኮ! ሂድና ምክር ጠይቅ!»

መጀመሪያ ወደ ጦጣ ሄደ። «እመት ጦጣ፣ ምን ልብላ?»

«ለሁሉም የምለው አንድ ነው፤ ዛፍ ላይ ውጣና ፍሬ ብላ። ምክሬ በነጻ ነው!»

ጫኔ ዛፉን ቀና ብሎ አየና ተመለሰ።

ቀጥሎ ወደ በሬ ሄደ። «አያ በሬ፣ ምን ልብላ?»

«ዋጥ ዋጥ አድርግና ተኛ። ኋላ ሲመለስልህ ታመነዥካለህ። የኔም በነጻ ነው።»

ጫኔ ዋጠ፣ ተኛ፣ ጠበቀ። ምንም አልተመለሰም።

ሦስተኛ ወደ ኤሊ ሄደ። «እመት ኤሊ፣ ምን ልብላ?»

«እኔ እንጃ። ሦስት ቀን አብሬህ ልዋልና ልንገርህ። ዋጋዬ ግን ወንዝ ድረስ ተሸክመህ መውሰድ ነው።»

ኩርታኑ ሳቀ። «ሣር ለመብላትም ይከፈላል? ጉድ! ለካ አእምሮህም ከስቷል!»

ጫኔ ግን «እሺ» አለ።

በመጀመሪያው ቀን ኤሊ ጫኔ ሲበላ አየች። በሁለተኛው ቀንም አየች። በሦስተኛው ቀን አህያውን የሚከተሉትን ዶሮዎች አየች። ፋንድያውን እየጫሩ ያልደቀቀ ገብስ ይለቅማሉ።

«ጫኔ፣ ገብሱን የምትውጠው አንተ፣ የሚወፍሩት ዶሮዎቹ። ማን እንዳይቀማህ ነው እንዲህ የምትጣደፈው?»

ጫኔ ጆሮውን ጣለ። መናገር አይወድም።

«በድርቁ ዓመት ውርንጭላ ነበርኩ» አለ። «የጎጆ ክዳን በላን። ያልፈጠነ አልተረፈም።»

ኤሊ ነገሩ ገባት።

«እንግዲህ ስማ። ጠዋት ገብስህን ገለባ ውስጥ በትነህ፣ እየለቀምክ ብላ። ቀትር ላይ ከመንጋው ራቅ ብለህ ጋጥ። ማታ ጀርባህን ለግድግዳው ሰጥተህ፣ በሩን እያየህ ብላ። ማንም ከኋላህ አይመጣም።»

ጫኔ እንዳለችው አደረገ። በሩን እያየ፣ ቀስ ብሎ አኘከ። ዶሮዎቹ ትተውት ሄዱ። ጎኑ ሞላ። የጉዞው ቀን ሲደርስ ነጋዴው ዳሰሰውና፣ «በሉ ጫኑት!» አለ።

ጫኔ ተንበርክኮ ኤሊን ከጨዉ በላይ አሳፈራት። ወንዙ ዳር ሲደርሱ፣ «ዋጋዬ እዚህ ድረስ ነው፤ አውርደኝ» አለች። ጫኔ አልቆመም። ውሃውን አሻግሮ ለምለሙ መስክ ላይ አወረዳት።

«ይሄኛውስ ስለ ምን ነው?»

«ስለጠየቅሽኝ ነው» አለ ጫኔ። «እስከዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

«አሁንስ አጥንትህ አይወጋኝም» አለ ኩርታኑ።

እናንተም የሰማችሁ፣ ለማንም የሚነገር ምክር በነጻም ቢሆን አይጠቅማችሁም። ቀርቦ አይቶ፣ ጠይቆ ሰምቶ ለመከራችሁ ግን ክፈሉት፤ ከፍላችሁም አመስግኑት። እኔ ተረቱን አራገፍኩ፤ ተሸካሚዎቹ እናንተ ናችሁ።