ጨረሩ አልወርድ ያላት መምህርት

ተረት ተረት፤ የጨረር ቤት።

የሻረግ የምትባል አንዲት ዓይነ አፋር የባዮሎጂ መምህርት ነበረች። ማህፀኗን ታማ ሆስፒታል በጨረር ትታከማለች። የምትፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ የዛሬው ጨረር እንዲወርድላት። ትናንት አልወረደላትም፤ ከትናንት ወዲያም አልወረደላትም። ዶክተሯ ደግሞ፣ «ቀን እየዘለልን ከሄድን በሽታው ጉልበት ያገኛል» ብላታለች። አልጋው ላይ በጀርባዋ ተጋድማ እግሯ አላርፍ አለ።

«መምህርት፣ እግርዎን!» አለ ዳግም የሚባለው የጨረር ባለሙያ ከወዲያኛው ክፍል በድምፅ ማጉያው።

ማሽኑ ክንዱን ዘርግቶ ዞራት። ኮን ቢም ሲቲ የሚሉት ነው፤ ጨረሩ ከመውረዱ በፊት የሆዷን ውስጥ ፎቶ ያነሳና ሕክምናው ሲታቀድ ከተነሳው ምስል ጋር ያስተያየዋል። ሁለቱ ካልተስማሙ ጨረር የለም።

ዳግም ራሱን እየነቀነቀ ገባ። «ዛሬም አልተስማማም። ሰውነትዎ ወደ ጎን ቢያመልጥ አልጋውን ገፋ አድርጌ አስተካክል ነበር። ይሄ ግን የሽንት ፊኛ ነገር ነው፤ ባዶ ነው። ካልሞላ አንጀትዎ ወደ ጨረሩ መንገድ ይገባና ይጎዳል። ውሃውን ጠጥተዋል?»

«ጠጥቻለሁ» አለች ጣሪያ ጣሪያውን እያየች።

«ታዲያ የት ገባ?»

«በላብ ወጥቶ ይሆናል።»

«በዚህ ብርድ?» አለና ሳቁን ዋጠ። «በቃ ውጭ ጠጥተው ይጠብቁኝ፤ ፊኛዎ ሲሞላ አስገባዎታለሁ።»

ወጥታ ኮሪደሩን ከጫፍ ጫፍ ትመላለስ ጀመር። በልቧም ጨረርን ለመነችው፤ «ምናለ ብትወርድልኝ?»

«ምስል ሳይጠራኝ አልወርድም» አላት።

ምስልን ለመነች። «ፊኛ ሳይሞላ አልስማማም» አላት። ምስል ጨረርን አልጠራ አለ፤ ጨረርም አልወርድ አለ።

ፊኛን ለመነች። «ውሃ ሳይመጣ በምን ልሙላ?» አላት። ፊኛ ምስልን አላስማማ አለ፤ ምስል ጨረርን አልጠራ አለ፤ ጨረርም አልወርድ አለ።

የያዘችውን የውሃ ኮዳ አየችው። «አፍ ሳይከፈት በየት ልግባ?» አላት። ውሃ ፊኛን አልሞላ አለ፤ ፊኛ ምስልን አላስማማ አለ፤ ምስል ጨረርን አልጠራ አለ፤ ጨረርም አልወርድ አለ።

አፏስ? «ጾም ሳይፈታኝ አልከፈትም» አለ። ሁዳዴ ገብቷላ! የሻረግ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አትቀምስም። የመጀመሪያው ምስል የተነሳው ጾሙ ሳይገባ፣ እንደ ልቧ ጠጥታ ነው። እንግዲህ አፍ ውሃን አላስገባ አለ፤ ውሃ ፊኛን አልሞላ አለ፤ ፊኛ ምስልን አላስማማ አለ፤ ምስል ጨረርን አልጠራ አለ፤ ጨረርም አልወርድ አለ።

ጾምን ጠየቀች። «የነፍስ አባትሽ ሳይፈቅዱ አልፈታም» አላት። የነፍስ አባቷ መምሬ ላቀው ለታመመ እንደሚፈቅዱ ታውቃለች። ግን ምን ታመምኩ ትበላቸው? ሕመሙ ከጀመራት አንስቶ ለእሳቸውም፣ ለእናቷም፣ ለጎረቤቱም «ወገቤን ነው» እያለች ነው የኖረችው። ሰሌዳ ላይ ማህፀን ሥላ የምታስተምር ሴት፣ ቃሉን ለአንድ ሽማግሌ ቄስ ማውጣት አቃታት። ስልኳን ታወጣለች፤ መልሳ ትከታለች። እፍረት ምላስን አልለቅ አለ፤ ምላስ ለመምሬ አልናገር አለ፤ መምሬ ጾምን አልፈታ አሉ፤ ጾም አፍን አልከፍት አለ፤ አፍ ውሃን አላስገባ አለ፤ ውሃ ፊኛን አልሞላ አለ፤ ፊኛ ምስልን አላስማማ አለ፤ ምስል ጨረርን አልጠራ አለ፤ ጨረርም አልወርድ አለ።

«አንቺ ልጅ፣ አዞርሽኝ እኮ! ቁጭ በይ!» አሉ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት፣ እማማ ብዙወርቅ። «ምንሽን ነው የታመምሽው?»

«ወገቤን ነው፣ እማማ።»

«ወገብ? እኔ ማህፀኔን ነው!» አሉ፣ ኮሪደሩ ሙሉ ወንድ እየሰማ። አንዱ ሰውዬ አዛጋ። ሌላው ስልኩን መነካካቱን ቀጠለ። ጣሪያውም አልተደረመሰም። እማማ ብዙወርቅ ውሃቸውን ጎንጨት አድርገው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

የሻረግ ወደ መስኮቱ ሄዳ ደወለች።

«አባቴ፣ እንደምን አደሩ? ጾሙን... ውሃ ጠጪ ተብዬ...»

«ለወገብሽ?»

«ወገቤን አይደለም፣ አባቴ። ማህፀኔን ነው። ካንሰር ነው።»

«ልጄ፣ ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ለወገብሽ ነው ስጸልይ የኖርኩት?» አሉ መምሬ ላቀው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ።»

«ወገብሽስ ደህና ነው?»

«አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም።»

«እሱማ እንዴት ይታመም፣ እንዲያ ተለምኖለት!» ሳቃቸው መጣ፤ ወዲያውም ድምፃቸው ተሰበረ። «ፈትቼሻለሁ። አሁኑኑ ጠጪ። ከዛሬ ጀምሮም የሕመሙን ስም ጠርቼ እለምንልሻለሁ።»

እፍረት ምላስን ለቀቀ፤ ምላስ ለመምሬ ተናገረ፤ መምሬ ጾምን ፈቱ፤ ጾም አፍን ከፈተ፤ አፍ ውሃን አስገባ፤ ውሃ ፊኛን ሞላ። ዳግምም ጠርቶ አስገባት፤ ማሽኑ ዞራት፤ ፊኛ ምስልን አስማማ፤ ምስል ጨረርን ጠራ፤ ጨረርም ወረደ።

«ተስማማ!» አለ ዳግም በማጉያው። «እንዳይንቀሳቀሱ ብቻ!»

አልተንቀሳቀሰችም። ጨረሩ አይታይም፤ አያቃጥልም፤ ማሽኑ እዝዝ እያለ ሠርቶ ጨረሰ። በሩ ሲከፈት ግን ዓይነ አፋሯ መምህርት ነጠላዋን በእጇ ሰብስባ ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ጮክ ብላ፣

«ሽንት ቤቱ በየት ነው?!» አለች።

«በግራ!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በውሃ አርሱ።