ወደ ተኩላው ደጅ የሚወስዱ መንገዶች

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ ላሟንም በረቱንም ተኩላ ወስዷቸዋል።

ይህ ተኩላ መጀመሪያ ከአንዲት ጉብታ በቀር አገር አልነበረውም። እየነከሰና እያስፈራራ ዙሪያውን ሁሉ አስገበረ። ከዚያም አራዊቱን ሰብስቦ፣ «ግብሬ እንዳይዘገይ ጫካውን መንጥሩ፤ ከየጎሬያችሁ እስከ ደጄ ድረስ ቀጥ ያለ መንገድ አውጡ» ብሎ አዘዘ።

ይህን ሲሰሙ ሁሉም እሺ አሉ፤ ጃርት ብቻ ፈራች። «ጌታዬ፣ እኔ ጉድጓዴን አጠማዝዤ የምቆፍረው የሚመጣብኝን ስለማላውቅ ነው። መንገድ እንደሆነ መጪውን ማነህ ብሎ አይጠይቅም» አለችው።

ተኩላው ሳቀባት። «ማን ደፍሮ ይመጣብኛል? የሚያጠማዝዝ ፈሪ ነው» አላት።

መንገዱ ተሠራ፤ ግብሩም ጎረፈ። ተኩላው ተኝቶ እየበላ ወፈረ፤ ጥርሱም ዶለዶመ።

አንድ ማለዳ፣ አገሩን ጉም ሸፍኖት ሳለ፣ በየመንገዱ የእግር ኮሽታ ሰማ። የግብር በግ ሲመጣ ይጮሃል፤ ይህ ግን ዝም ብሎ ነበር የሚመጣው። ጉሙ ገለጥ ሲል ከተራራው ማዶ የመጡ ጅቦች ሆነው ታዩት። በቀኝ ቢዞር መንገድ ነው፤ በግራ ቢዞርም መንገድ። በሁሉም ላይ ጅብ አለ። የሚደበቅበት አንድ ቁጥቋጦ እንኳ አልተረፈም፤ ራሱ አስመንጥሮታል።

ሮጦ የጃርት ጉድጓድ ውስጥ ጭንቅላቱን ከተተ። ገና መጀመሪያው ጥምዝ ላይ ሲደርስ ትከሻው ተቀረቀረ።

ጃርት ጨለማው ውስጥ ተሸጉጣ ትንፋሹን ሰማች። ቀጥሎም የጅቦቹ እግር ኮሽታ ከኋላው ሲደርስ፣ ደርሶም ቀጥ ሲል ሰማች።

እኔ አፌን ዘጋሁ፤ እናንተም ደጃችሁን።